ማናጀራችን ወደ አዲስ ሆቴል ሄዶ «ነይ» ይለኛል፤ ልሂድ ወይ?

የሪሴፕሽኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ከተማ ሆቴሎች ውስጥ የሠራችሁ ወይም አሁንም ያላችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው አንድ መካከለኛ ሆቴል ውስጥ ነው፣ ሪሴፕሽን። አልጋው ብዙ አይደለም፣ አዳራሽ ግን ሁለት አለው። አዳማን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ሆቴል የሚኖረው በአዳራሹ ነው። ሥልጠና፣ ግምገማ፣ ዎርክሾፕ። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በጀት ሳይዘጋበት ለመጨረስ ይሯሯጣል፣ የኛ እግር ያብጣል።

ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንላቸው። ክፉ ናቸው ብል እግዜር ይታዘበኛል። የአንዱ ጥበቃ እናት ያረፉ ጊዜ ድንኳኑም ወንበሩም ከሆቴሉ ነው የሄደው፤ ራሳቸውም ለቅሶ ተቀምጠዋል። ግን የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ስልካቸው ላይ ነው። የሪሴፕሽኑ ስልክ ይጮኻል። «ያቺ ባለ ሻርፕ ለምን ተቀመጠች?» እንግዳ የለም ጋሼ ስንል «ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ተቀምጣ ልታገኘው ነው?» ይላሉ። አንድ ቀን ሻይ ስጠጣ ደውለው ስኳር አበዛሽ እንዳይሉኝ እፈራለሁ።

ካሸሯ የእህታቸው ልጅ ናት። ማታ ማታ ሁለት ሪፖርት ይሄዳል። አንዱን ማናጀሩ በኢሜይል ይልካል፣ ሌላውን እሷ ትደውላለች። የሚታመነው የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ማናጀሩ ወጣት ነው፣ ሆቴል ማኔጅመንት የተማረ። በዕድሜ ብዙም ስለማይበልጠኝ አንተና አንቺ ነው የምንባባለው። አይጮህም። ሲስተሙን ያስተማረኝ እሱ ነው። የተቆጣ እንግዳ ሲመጣ ባንኮኒውን ዞሬ አጠገቡ ሄጄ እንዳናግረው ያሳየኝም እሱ ነው፤ ይሠራል፣ ሞክሩት። የጠዋት ብሪፊንግ ላይ ከሱ በፊት የነበረው ሰው «ማን ዘገየ?» ብሎ ነበር የሚጀምረው። እሱ «ትናንት ማታ ማን ተቸገረ?» ይላል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሰኔ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ሠልጣኞች ይዞ መጣ። ክፍያው በደብዳቤ ነው፣ ማለትም ዱቤ። የስም ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ አስተባባሪው አንድ ሰው ይጨመርልኝ አለ። ማናጀሩን ጠየቅኩት። «ክፍል ስጪው፣ ደብዳቤውን ነገ ያስተካክሉታል» አለኝ። ቁልፍ ሰጠሁ። ደብዳቤው ሳይስተካከል ቀረ፣ ክፍያው ሲመጣ የአንድ ክፍል ሂሳብ ጎደለ። ጋሼ ከአዲስ አበባ መጡ። ማናጀሩ ቢሮ ውስጥ ሦስታችን ቆመናል። «ማን ፈቀደ?» አሉ። ማናጀሩን አየሁት። እሱ ጠረጴዛውን ያያል። ጠበቅኩ። አሁንም ጠረጴዛውን ያያል።

«ቁልፍ የሰጠ ይከፍላል» ተባለ። ከደሞዜ እንዲቆረጥ መስማማቴን አስፈረሙኝ። የዚያ ወር ደሞዝ አካውንቴ የገባው ከፈረምኩ በኋላ ነው። በማግሥቱ ማናጀሩ በቴሌግራም «ይቅርታ፣ ሁኔታው አልተመቸኝም» ብሎ ጻፈልኝ። ከኪሱ ሊሰጠኝም ፈልጎ ነበር። አልተቀበልኩም። ያበሳጨኝ ብሩ አልነበረም።

መስከረም ላይ እሱ ለቀቀ። አዲስ በተከፈተ ሆቴል ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ይኸው ኅዳር ላይ ደወለልኝ። የፍሮንት ኦፊስ ሱፐርቫይዘር ሁኚልኝ ይላል። ደሞዙ ጥሩ ጭማሪ አለው፣ ሰርቪስ ቻርጅም ለሠራተኛው እናካፍላለን ብሎኛል። እናቴ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ትለኛለች። ልጁ ግን ሰይጣንም አይደለም፣ ችግሩም ይኸው ነው። ሰይጣን ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ብቻችንን ስንገናኝ ጥሩ የሆነ፣ ባለቤት ፊት ግን ድምፁ የሚጠፋ አለቃ ያጋጠማችሁ አላችሁ? ቦታ ሲቀይር ይለወጣል?

የባንኬቱ ልጅ፦

እኔ አዳማ ውስጥ ከአንድም ሁለት ሦስት ሆቴል ባንኬት ላይ ሠርቻለሁ፣ አሁን ከሙያው ወጥቻለሁ። ያንቺን ታሪክ ሳነብ የተገላቢጦሹ ትዝ አለኝ።

አንድ ሠርግ ላይ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረን ወንበር ስንደረድር፣ ጨርቅ ስናለብስ ውለን ማታ ደግሞ መስተንግዶ። ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት አንዱ ጓደኛችን ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዞ ተደናቀፈና ያ ሁሉ ዱቄት ሆነ። ባለቤቷ እዚያው ሙሽሮቹ ሳይወጡ «ይመዝገብ፣ ከሁላችሁም ነው የሚቆረጠው» አሉ። የምግብና መጠጥ ኃላፊያችን አንድ ቀጭን ሰውዬ ነበር፣ ንግግር እንኳ የማይወድ። «እትዬ፣ ልጆቹን ከጠዋት ጀምሮ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ከቆረጡ ከኔ ይቁረጡ» አላቸው። ሰው ሁሉ ሰማ። ከማንም አልተቆረጠም።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ሰውዬው ግን ብዙም ሳይቆይ «መዋቅር ተሻሻለ» ተብሎ ተሸኘ። በሱ ቦታ የመጣው እስከ ዛሬ አለ። ባለቤቷ ሲስቁ ይስቃል፣ ሲቆጡ ይቆጣል። ስለዚህ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንቺ ማናጀር እዚያ ቤት ያን ያህል የቆየው ዝም ማለት ስለሚችል ነው የሚለውን ነው። ይህን ችሎታ ይዞት ሄዷል፣ ጥሎት አልሄደም። እኔ ብሆን አልከተለውም።

ስለ ሰርቪስ ቻርጅ ግን አንድ ነገር ስሚኝ። ቢሉ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጻፋል፣ ከዚያ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። እንግዳው 10 በመቶው ለአስተናጋጁ የሚደርስ ይመስለውና ቲፕ ሳይተው ይሄዳል። አስተናጋጁ ሁለቱንም አያገኝም። እኔ ከሠራሁባቸው ቤቶች በወሩ ስንት እንደተሰበሰበና ለስንት ሰው እንደተካፈለ ወረቀት የሚለጥፈው አንዱ ብቻ ነበር። እዚያ ቤት ብርጭቆ ሲሰበር ራሱ ሠራተኛው ነው የሚናደደው፣ ምክንያቱም የሱም ገንዘብ ነው። «እናካፍላለን» ሲልሽ ማናጀሩን አትመኚ። ሄደሽ አስተናጋጅ ጠይቂ።

ሶደሬ መንገድ፦

እኔ ሆቴል አልሠራም፣ ፋብሪካ ነኝ። የኛ አለቃ ካሜራ የለውም፣ ዘመድ ነው ያለው። ካሜራ ይሻላል። ካሜራ ያላየውን አይጨምርም።

የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፦

እኅቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዳማም ቢሾፍቱም ሆቴሎች አስተዳድሬያለሁ፣ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። ጠረጴዛ ያየሁባቸው ቀናት እኔም ነበሩኝ። ስለዚህ ለልጁ ጥብቅና ልቆም አይደለም፣ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ ብዬ ነው።

በኛ አገር ብዙ ሆቴሎች ሥራ አስኪያጅ የሚቀጠረው ባለ ኮከብ ለመባል ነው። ወረቀቱን ያሟላል፣ ከረባት ያስራል። የሳሙና ግዢ እንኳ ሳይደወል አይፈረምም። አንድ ቤት ስሠራ ለደንበኛ ቅናሽ ለማድረግ ባለቤቱን ማስፈቀድ ነበረብኝ፣ የባለቤቱ ወንድም ግን መጥቶ ለጓደኞቹ በነፃ አልጋ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ሠራተኛው ማንን እንደሚሰማ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ይገባዋል። ሥራ አስኪያጁም ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ይለቃል፣ ወይ ጠረጴዛ ያያል።

ስለዚህ «ይለወጣል ወይ?» ከማለትሽ በፊት ያለበት ወንበር ተለውጧል ወይ ብለሽ ጠይቂ። አንድን ሠራተኛ ለመቅጠር የማን ፊርማ በቂ ነው? ሳይደውል እስከ ስንት መቶኛ ቅናሽ መስጠት ይችላል? ዱቤ የሚፈቅደው ማነው? የዓመት ፈቃድሽን ማን ይፈርማል? ለነዚህ «ባለቤቱን አነጋግሬ» የሚል መልስ ከሰጠሽ፣ አንቺ የምትሄጂው እሱ ጋ አይደለም። ገና ያላየሽው ባለቤት ጋ ነው።

ሌላው አዲስ ሆቴል መሆኑ ነው። አዲስ ሆቴል ብዙ ጊዜ የባንክ ብድር ይዞ ነው የሚከፈተው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ተሰብሳቢው ጠዋት መጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል፤ አዳራሹ ይሞላል፣ አልጋው ይተርፋል። ይህን በራሴ መዝገብ ላይ አይቼዋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አዳራሹም ጭር ይላል። ስለዚህ «የመጀመሪያውን ክረምት በምን ሠራተኛ ልታልፉት አስባችኋል?» ብለሽ ጠይቂው። ያሰበበት ሰው መልስ አለው። ያላሰበበት «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላል፣ እሱም እውነት ነው፣ ግን ደሞዝ አይሆንም።

በመጨረሻ ደግሞ የሰኔውን ነገር አንሺበት። በጽሑፍ አይሁን፣ በቃል። ጆሮሽን ስጪው እንጂ ቃል እያቀበልሽ አትርጂው።

ኤች አር ነኝ፦

የሌላ ዘርፍ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው፣ እዚሁ አዳማ። ሌሎቹ ስለ ሰው ጽፈዋል፣ እኔ ስለ ወረቀት ልጻፍ።

አንደኛ፣ የተቆረጠብሽ ገንዘብ አልሞተም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከደሞዝ ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። ያስፈረሙሽ ለዚህ ነው። ፊርማ ቢኖርም ግን በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝሽ አንድ ሦስተኛ በላይ መቁረጥ አይችሉም። ደሞዝ ይዞ ማስፈረም ደግሞ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የደሞዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሰኔ ደሞዝ ከሆነ ታኅሣሥ ሲያልቅ አለቀ ማለት ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት አይከፍልም። መክሰስ ባትፈልጊ እንኳ አውቀሽ ተዪው። «ስጪው» ያለሽ በቃል ነው ወይስ በቴሌግራም? የይቅርታው መልእክትስ አለ? እንዳታጠፊው።

ሁለተኛው ማንም ያላነሳው ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ነው። ያ ማለት ቢሮ ውስጥ ሦስታችሁ ስትቆሙ፣ እንደ አቋቋማችሁ ሳይሆን እንደ ሕጉ፣ የተሻለ ጥበቃ የነበረሽ አንቺ ነሽ። አንቺን ለማሰናበት ሕጉ የዘረዘረው ምክንያት ያስፈልጋል። እሱ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውሉ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ለምን እንደፈራ ይገባኛል።

ይህ አንቺንም ይነካሻል። ሱፐርቫይዘር በተለምዶ የሥራ መሪ አይደለም። ነገር ግን አንዳንድ ድርጅት የሥራ መደብ መግለጫው ላይ ሆን ብሎ «የሥራ መሪ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ የሌሊት ትርፍ ሰዓት ስትጠይቂ «አንቺ እኮ ማኔጅመንት ነሽ» ይባላል። በአዋጁ ግን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፣ የሕዝብ በዓል ላይ ከሆነ በ2.5። ሪሴፕሽን ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ውሉን ሳትፈርሚ የሥራ መደብ መግለጫውን አስመጪ።

ሌላው፣ እዚያ ስትገቢ የሙከራ ጊዜ አለ፣ እስከ 60 የሥራ ቀን። በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ካሉሽ ያለ ማስጠንቀቂያ መሸኘት ይችላሉ። አሁን ያለሽበት ቤት ያንን አልፈሻል። ጡረታም ጠይቂ፤ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፣ የሚሰላው ግን በየትኛው ደሞዝ ላይ ነው? ደሞዙን ለሁለት ከፍለው ግማሹን «አበል» የሚሉ ቤቶች አሉ። ዛሬ እጅሽ ላይ ይበዛል፣ ጡረታሽ ላይ ይጎድላል።

የሪሴፕሽኗ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤች አር ነኝ፣ ያ የሥራ መሪ የምትሉት ነገር ሌሊቱን አላስተኛኝም። እኔ ለካ እሱን የቆመ ግንብ አድርጌ ነበር የማየው። ብቻ ንዴቴ አልወጣም፣ ትንሽ ቦታ ቀየረ እንጂ። «ስጪው» ያለኝ በቃል ነው። የይቅርታውን መልእክት ግን አላጠፋሁትም፣ ፎቶ አንስቼ እኅቴ ስልክ ላይም አስቀምጬዋለሁ። ክሱን ገና እያሰብኩበት ነው። ጋሼ ላይ ለመክሰስ ከበደኝ፣ ለቅሶ የተቀመጡት ሰውዬ እኮ ናቸው። ወንድሜ ደግሞ «ለቅሶው ለጥበቃው ነው፣ ያንቺ ደሞዝ ላንቺ ነው» ይለኛል።

የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፣ እንዳሉኝ ደወልኩለት። መጀመሪያ የርስዎን ጥያቄዎች ጠየቅኩ። ቅጥር የሱ ነው፣ ከኃላፊዎች በስተቀር። ቅናሽ እስከተወሰነ መቶኛ ራሱ ይፈቅዳል፣ ውሉ ላይ ተጽፏል አለኝ። ዱቤ ግን የባለቤቱ ነው። ስለ ክረምቱ ስጠይቀው ሳቀና «ማነው ያስተማረሽ?» አለ። መልስ ግን ነበረው፤ የዓመት ፈቃድ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንዲወጣ አስበዋል፣ ሁለተኛውን ፎቅ ይዘጉታል።

ከዚያ የሰኔውን አነሳሁ። «ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ፈርቼ ነው» አለ። ሚስቱ ወልዳ ገና አርባ ቀኗ አልሞላም ነበር፣ ይህን አላውቅም ነበር። «አንቺ ላይ ሲዞር ደግሞ ተነፈስኩ። እሱ ነው የሚያሳፍረኝ» አለኝ። እንዳሉኝ አልረዳሁትም፣ ዝም አልኩ። «አዲሱ ባለቤት ፊትስ?» ስለው «እስካሁን ሲቆጣ አላየሁትም። ስለዚህ ልዋሽሽ አልችልም» አለ።

የባንኬቱ ልጅ እዚህ ጋ «ይኸው!» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እኔ ግን በዚህ መልስ ነው ትንሽ የቀረብኩት። «እኔ አለሁልሽ» ቢለኝ ስልኩን እዘጋው ነበር።

አንድ ነገር ጠየቅኩት። ከዝርዝር ውጭ ክፍል ሲሰጥ፣ ዱቤ ሲፈቀድ፣ ቅናሽ ሲደረግ የፈቀደው ሰው የሚፈርምበት ፎርም ሪሴፕሽን ላይ ይኑር፤ ማናጀርም ይሁን ባለቤት ሳይፈርም ቁልፍ አልሰጥም። ይህ የሥራ መደብ መግለጫዬ ላይ ይጻፍ፣ «የሥራ መሪ» የሚል ቃል ደግሞ አይግባበት። ባለቤቱን ላነጋግር አለኝ። እንግዲህ ባለቤቱ ሲቆጣ የምናየው አሁን ነው።

የሰርቪስ ቻርጁ ግን አልተጣራም። ቅዳሜ ዕረፍት ነኝ፣ ሄጄ ማኪያቶ አዝዤ አስተናጋጇን ላወራት ነው። የባንኬቱ ልጅ፣ ውስጥ የምታውቀው ሰው ካለ ጠቁመኝ።

ኤች አር ነኝ፦

ጎበዝ። ከተስማማችሁ ደግሞ አዲሱን ውል ሳትፈርሚ መልቀቂያ እንዳታስገቢ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጪ፣ ደብዳቤሽን አስገብተሽ ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጊ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሻል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም መብትሽ ነው፣ ተለምነው የሚሰጡሽ አይደለም። የሚከፈልሽ ሁሉ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ለጋሼ ግን ራስሽ ንገሪያቸው፣ ከካሸሯ እንዳይሰሙት።

የባንኬቱ ልጅ፦

እኔ አሁንም አልከተለውም ባይ ነኝ፣ ፎርሙ ግን ተመችቶኛል። ውስጥ አንድ የማውቀው አለ፣ ኪችን ነው። ቁጥሩን በውስጥ ልኬልሻለሁ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ወሬ ግን ይወዳል፣ ግማሹን ቀንሰሽ ስሚው።